የተቀበረበትን የሚያውቀው ይጠየቅ

ንግሥት እሌኒ ቅዱስ መስቀሉን ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም በወረደች ጊዜ ሥልጣንም፣ ሠራዊትም፣ ገንዘብም አልጎደላትም ነበር። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦታውን አታውቅም። መስቀሉ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ ሲደፋበት ኖሮ፣ ሥፍራው ተራራ አክሏል። ስለዚህም ንግሥቲቱ ዝቅ ብላ ጠየቀች። ኪራኮስ የተባለ አረጋዊ የሚያውቀውን ነገራት። ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ፣ ጢሱ ያመለከታትን ቦታ መስከረም 17 ቀን ማስቆፈር ጀመረች። መስቀሉ የተገኘው ግን በዚያው ዕለት ሳይሆን መጋቢት 10 ቀን ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የምትዘክረው ይህ ታሪክ ለማንኛውም ወገን የሚጠቅሙ ሁለት ትምህርቶችን ይዟል። አንደኛው፣ የተቀበረ ነገር የሚገኘው የሚያውቀውን በመጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ ከደመራው በኋላ ገና ብዙ ቁፋሮ አለ።

በዓሉን በምዕራብ ጎጃም ለሚያከብር ሰው ደግሞ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ፍኖተ ሰላም ከተማ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ «የሰላም መንገድ» የሚል ትርጉም ያለውን የአሁኑን ስሟን እንደሰጧት ይነገራል። ከስደት ለተመለሰ ንጉሥ የሰላም መንገድ የሆነች ከተማ፣ ከስደት ለምትመለስ የገበሬ ልጅስ ምን መንገድ ትሆናታለች? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያቸው የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ወጣቶች ሲወጡ ኖረዋል። ሴቶቹ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት፣ ወንዶቹ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም አልፈው ወደ ሊቢያ። በእርግጥ መውጣት ሁሉ በሰው መነገድ አይደለም፤ ሰው ወዶና ፈቅዶ ለሥራ ቢሄድ መብቱ ነው። ነገር ግን ተታልሎ ወይም ተገድዶ ተወስዶ፣ ፓስፖርቱን ተነጥቆና ደመወዙን ተከልክሎ ጉልበቱ ወይም ገላው ሲበዘበዝ፣ ያ ሰው ተሸጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ነጋዴውን ከመቅጣት አልፎ ተጎጂው እንዲጠበቅ፣ እንዲቋቋምና እንዲካስ የሚደነግገው ስለዚህ ነው።

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ሲመለሱ፣ ሕዝብና መንግሥት በቦሌ ተቀብለዋቸዋል። ያ ደመራው ነበር። ቁፋሮው የሚጀምረው ግን ተመላሹ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ቀዬው ከገባ በኋላ ነው።

አንዲት የቡሬ ዙሪያ ወጣት ተመለሰች እንበል። አባቷ ለደላላው የከፈለውን ገንዘብ ያገኘው አንድ በሬ ሸጦ፣ የበርበሬ ማሳውን በወለድ አገድ አስይዞ ነው። እንግዲህ ቤቱ ሲጠብቅ የቆየው ልጅቱን ብቻ ሳይሆን በሬውንና ማሳውንም ነው። እንኳን በሰላም መጣሽ ሊላት የመጣ ጎረቤት ከፊቷ ይልቅ ሻንጣዋን ያያል። ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ በር በኃይል ሲዘጋ ትባንናለች። ወላጆቿ ጠበል ይወስዷታል፤ መልካም አድርገዋል። የደረሰባትን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ከተነገረ ማን ያገባኛል ብላ ትፈራለችና።

ከዚያ ድጋፍ ሰጪው ይመጣል። ቅጽ ይሞላል። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ስትላክ ያንኑ መከራ ለሦስትና ለአራት ሰው እንደ አዲስ ትተርካለች። በመጨረሻም የልብስ ስፌት ሥልጠና ይሰጣታል፤ ስፌትን የመረጠው ግን ቀድሞ የተያዘ ዕቅድ እንጂ እሷ አይደለችም። ሥልጠናው በገበያ ቀን ይውላል፤ የመኪና መሳፈሪያም የላትም። ብድር ስትጠይቅ ዋስ የሚሆንሽ ቡድን ይዘሽ ነይ ትባላለች። ዕዳ ያለባትን ልጅ ማን ይዋሳታል? ዓመት ሳይሞላ ያው ደላላ ደጇ ላይ ይቆማል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የታዘዘውን ፈጽሟል። የጎደለው የእሌኒ ጥያቄ ነው። ያንን መንገድ የሄደች ሴት ቀድማ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ፣ ከስፌት መኪናው በፊት የተያዘውን ማሳ አንሱ ትል ነበር። ታሪኩ አንድ ጊዜ፣ ለአንዲት ሴት ብቻ ይነገር ትል ነበር። ለወራት የተቆለፈባትን ሰው በር ዘግቶ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቃት የምታውቀውም፣ ራሷ ተቆልፎባት የነበረችው ናት።

አበው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይላሉ። መከራውን ያለፈበትን ሰው አስቀምጦ ስለ መከራው ማስተማር እንዲሁ ነው። በአገራችን ግን የተሻለ ምሳሌ አለ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በወሊድ ጉዳት ሳቢያ ከገጠር መጥተው በእነዶክተር ካትሪን ሐምሊን እጅ የታከሙ ሴት ናቸው። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በሆስፒታል ሥራ ጀምረው፣ ውለው አድረው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩና ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ እስከ መሆን ደረሱ። በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሌሎችም የቀድሞ ታካሚዎች በነርስ ረዳትነት አገልግለዋል። አዲስ የገባች ታካሚ እንደ እሷ ታምማ የዳነች ሴት አልጋዋን ስታነጥፍላት ስታይ፣ መዳን እንዳለ ከማንም ቃል በላይ ታምናለች።

በስደትም ተመሳሳይ ሥራ ታይቷል። በሊባኖስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። በ2012 ዓ.ም. የአገሩ ኢኮኖሚ ወድቆ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለው ሲሄዱ፣ ምግብና መጠለያ ካቀረቡት መካከል እነዚሁ ሴቶች ነበሩ። በአሜሪካም ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎች ብቻ የሚቀመጡበት የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ ተቋቁሟል።

ሆኖም መጠንቀቅ ያሻል። ተጎጂን መጠየቅ ማለት በስብሰባ መድረክ አቁሞ ማስለቀስ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ መሸኘት አይደለም። ያም ሌላ ብዝበዛ ነው። አልናገርም ያለች መብቷ ይከበር። ስሟ ይጠበቅ። ምክር የሰጠችበት ቀን የሥራ ቀን ነውና ይከፈላት። መከራ ያየ ሁሉ አማካሪ ይሁን ማለትም አይደለም፤ የሠለጠነ ሐኪምና የሕግ ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ባለሙያው እንዴት እንደሚቆፈር ያውቃል፤ የት እንደሚቆፈር የምትነግረው ግን እሷ ናት።

በወረዳ ደረጃ ሥራውን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ድጋፍ በሚታቀድበት ጉባኤ ቢያንስ ሁለት ተመላሾች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ድምፅ ያላቸው አባላት ይሁኑ። አዲስ ተመላሽን መጀመሪያ የምትቀበላት ቀድማት የተመለሰች ትሁን። የብድር ደንቡ የደላላውን ዕዳ ያገናዝብ። የንስሐ አባቶችና የመስጊድ ኢማሞች፣ ሰው በምሥጢር የሚያምናቸው እነርሱ ናቸውና፣ ሻንጣ የሚቆጥረውን ጎረቤት ይገሥጹ፤ የታመመችውንም ከጸሎቱ ጋር ወደ ሐኪም ይላኩ። ዕድሩም በሞት ጊዜ እንደሚደርስ ሁሉ፣ በሕይወት ለተመለሰችው ይድረስ።

ደመራው በአንድ ምሽት ነድዶ ያልቃል። ሕዝቡም ወደ የቤቱ ይገባል። ከመስከረም 17 እስከ መጋቢት 10 ያለው ጊዜ ግን ረጅም ነው፤ ያ የትዕግሥትና የሥራ ጊዜ ነው። ከደመራው ዳር ርቃ፣ በነጠላዋ ተከናንባ ለብቻዋ የቆመች ልጅ ካለች፣ ዘንድሮ የምናውቀውን ልንነግራት አንቸኩል። የምታውቀውን እንጠይቃት።

መልካም የመስቀል በዓል!