በሚገባን አማርኛ ጻፉልን

በአቃቂ ቃሊቲ ለነዋሪው ደብዳቤ ለምታረቅቁና ለምትፈርሙ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ይህን የምጽፍላችሁ ስለምትጽፏቸው ደብዳቤዎች ነው። ደብዳቤዎቻችሁ አይገቡንም።

በቅርቡ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው መጡና «ልጄ፣ ፈቀዱልኝ ወይስ ከለከሉኝ?» አሉኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው የቀረበው ጥያቄ አግባብነት ካላቸው አሠራሮች አንጻር ተገምግሞ፣ በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት በቀጣይ የሚታይ መሆኑ ታምኖበታል።» ደግሜ ደጋግሜ ባነበውም መልስ ልሰጣቸው አልቻልኩም።

እንዲህ ያለውን ነገር ሕዝቡ ዝባዝንኬ ይለዋል። ግሦቹን ተመልከቱ። ማን ገመገመ? አቅጣጫውን ማን አስቀመጠ? ያመነበትስ ማን ነው? «ወሰንን» ብትሉ ወሳኙ ይታወቃል፤ «ተወሰነ» ስትሉ ግን ተጠያቂው ይሰወራል። ጥያቄው ተፈቅዶ ከሆነ «ፈቅደናል» በሉ። ካልሆነም «አልፈቀድንም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቅሬታ ካለዎት እስከዚህ ቀን ድረስ ለዚህ ክፍል ያመልክቱ» ብላችሁ ጻፉ።

አቃቂ ከባቡር ጣቢያውና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዘመን ጀምሮ ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። ብዙው አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው። ወደ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ስትወጡ ደግሞ ዕድሜውን በእርሻ ያሳለፈ አባወራ ታገኛላችሁ። አፋችንን በአማርኛ ለፈታን ለእኛ ያልገባ ደብዳቤ ለእነሱ ምን ሊሆን ነው? ደብዳቤው ሳይገባው የቀረ ሠራተኛ የቀን ደመወዙን ትቶ ደጅ ይጠናል፣ ለራፖር ጻፊ ይከፍላል፣ ይግባኝ የሚልበት ቀን ያልፍበታል። በዚህ መሐል የሚያተርፈው ጉዳይ ገዳዩ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ በሽታ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 የቀድሞው የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሞሪ ማቬሪክ ለሚመራው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አጭርና ግልጽ አድርገው እንዲጽፉ ማስታወሻ በተነ። የቢሮውን ቋንቋ ከተርኪ ወፍ ጩኸት ጋር አመሳስሎ «ጎብልዲጉክ» የሚል ስም ያወጣለትም እሱ ነው። አሜሪካ በዚያው አቆጣጠር በ2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

እኛም ሕግ አላጣንም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው መብት ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ያልገባ ምክንያት እንደተሰጠ አይቆጠርም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ደብዳቤውን ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና ምን እንደገባው ጠይቁት። ካልገባው መልሳችሁ ጻፉት። የወሰነውን ክፍል፣ ምክንያቱንና የይግባኙን ቀን ሳትጠቅሱ ማኅተም አታሳርፉ። ሁሉን ፍቀዱልን አንልም፤ ስትከለክሉንም በሚገባን አማርኛ ከልክሉን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአቃቂ ነዋሪ