ዕቃ በሩቅ ሲገዛ ዋሱ ማን ነው?



ይህን አጭር አስተያየቴን በአንባብያን ደብዳቤ አምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በጊዳ አያናም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የሚኖረው የመንግሥት ሠራተኛ ልብሱን፣ ጫማውንና የቤት ዕቃውን በስልኩ ፎቶግራፍ እያየ ከአዲስ አበባ ማዘዝ ለምዷል። ገንዘቡን በባንክ ወይም በ2013 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በቴሌብር ይልካል። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ ይደርሳል፤ ከዚያም በሌላ መኪና ወደ ጊዳ አያና ይሻገራል። ነገሩ በራሱ መልካም ነው፤ ለአንድ ጥንድ ጫማ ሲባል የሥራ ቀን አቃጥሎ ነቀምቴ ድረስ ከመመላለስ ያድናልና። ነገር ግን ፎቶግራፉ ሌላ፣ የመጣው ዕቃ ሌላ የሆነ እንደ ሆነ አቤት የሚባልበት ደጅ አይገኝም። ሻጩ ስልኩን ይዘጋል፤ ሾፌሩ «እኔ አድራሽ ነኝ» ይላል፤ ከወር ደመወዙ ቆንጥሮ የላከው ሰው ግን ቁጭቱን ይዞ ይቀራል።

ይህ ዐይነቱ ንግድ በሌላው ዓለም እንዴት ተደላድሎ እንደ ቆመ መመልከት ይጠቅመናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 በዌልስ፣ ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፕራይስ ጆንስ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ የሸቀጡን ዝርዝር በፖስታ እየላከ፣ ትእዛዝ በደብዳቤ እየተቀበለ፣ ዕቃውን በባቡር እየሰደደ ይነግድ ጀመር። ንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀሩ ደንበኛው ነበሩ። በ1883 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ጥቅል ዕቃ ማመላለስ ሲጀምር ንግዱ የበለጠ ተስፋፋ።

በ1932 ጆን ሙርስ የተባለ ሰው በሊቨርፑል ከተማ ሊትልውድስ በሚባለው ኩባንያው ያቋቋመው አሠራር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። 20 ሰዎች ማኅበር ገብተው እያንዳንዳቸው በየሳምንቱ አንድ ሽልንግ እስከ 20 ሳምንት ያዋጣሉ። በዚያን ጊዜ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበርና፣ በየሳምንቱ ተራ የደረሰው አባል የአንድ ፓውንድ ዕቃ ከካታሎጉ መርጦ ያስመጣል። ይህ ከእኛ ዕቁብ በምን ይለያል? ገንዘቡን የሚሰበስበውም የሰፈሩ ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜም አንዲት ጎረቤት ወይዘሮ ትሆናለች፤ ለድካሟም ኮሚሽን ይታሰብላታል። ስለዚህ ዕቃው ያልተስማማው ሰው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። ዛሬ እነዚያ ወፍራም ካታሎጎች ቀርተው ንግዱ ወደ ኢንተርኔት ዞሯል፤ ነገር ግን ሕዝቡ ሳያይ መግዛትን የተማረው በሚያውቀው ሰው በኩል ነው።

በእኛ አገር ሕግ አልጠፋም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጥቷል። ይሁን እንጂ የአንድ ሸሚዝ ክስ ይዞ ከጊዳ አያና አዲስ አበባ የሚሄድ ማን ነው? መሳፈሪያው ከሸሚዙ ዋጋ ይበልጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው ፖስታችን በወረዳ ከተሞች ዕቃውን ለገዢው አሳይቶ ገንዘቡን በመቀበል ለሻጩ ቢያስተላልፍ፣ ለሁለቱም ወገን ታማኝ መካከለኛ ይሆናል። ሻጮች «ገዢው አልፈልግም ቢል የማጓጓዣውን ኪሳራ ማን ይችላል?» ይሉ ይሆናል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። የማጓጓዣውን ዋጋ ገዢው አስቀድሞ ይክፈል፤ የዕቃውን ዋጋ ግን አይቶ ይክፈል። ሁለተኛ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንደ ነቀምቴ ባሉ ከተሞች የንግድ ፈቃድ ያለው፣ ዕቃ መልሶ የሚቀበል ወኪል ያቁም። ሦስተኛው የእኛው የገዢዎቹ ድርሻ ነው። ዕቁብ ስንጥል ዳኛ እንመርጣለን፤ ዋስም እንጠራለን። ከማናውቀው ሻጭ ስንገዛ ግን ደረሰኝ እንኳ ሳንጠይቅ ገንዘባችንን እንልካለን። በየመሥሪያ ቤታችን ተሰባስበን በአንድነት ብናዝ፣ ሻጩ የአንድን ሰው ስልክ እንደሚዘጋ የ20 ሰው ስልክ ለመዝጋት አይደፍርም።

የሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩን እንዲያስቡበት፣ የሥራ ባልደረቦቼም የየበኩላቸውን አስተያየት በዚሁ አምድ እንዲገልጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጋዜጣዎ አንባቢ
ከጊዳ አያና (ወለጋ)