የዐረፍተ ነገር ዐይነት የሚታወቀው በግሡ ነው

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብ፣ ድርብ ውስብስብ እያለ እንዲለይ ይጠየቃል። ብዙ ተማሪዎች ይህን የሚያደርጉት በርዝመቱ ነው፤ አጭሩን ነጠላ፣ ረጅሙን ውስብስብ ይሉታል። ሌሎች ደግሞ መስተጻምሮችን በቃል አጥንተው እነርሱን ብቻ ይፈልጋሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መንገዶች አያደርሱም። የሚያደርሰው መንገድ አስቀድሞ ግሡን፣ ቀጥሎም የግሡን ባለቤት መፈለግ ነው። ይህንንም ተማሪው አስቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ ቢለማመደው በእንግሊዝኛ ይቀልለዋል።

ርዝመት ምስክር እንደማይሆን ከአማርኛ እንመልከት። «ትናንት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በትልቅ አውቶቡስ ከብዙ መንገደኞች ጋር ተጓዝን» የሚለው ረጅም ነው፤ ይሁን እንጂ ያለው ግሥ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ነጠላ ዐረፍተ ነገር ነው። «ሲመጣ እነግርሃለሁ» የሚለው ግን ሁለት ቃላት ብቻ ሆኖ ሳለ ውስብስብ ነው፤ «ሲመጣ» ጥገኛው ክፍል፣ «እነግርሃለሁ» ዋናው ክፍል ነውና። ይኸው ሐሳብ በእንግሊዝኛ «አይ ዊል ቴል ዩ ዌን ሂ ካምዝ» ሲባል ሰባት ቃላት ይሆናል፤ ዐይነቱ ግን ያው ውስብስብ ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩት ጥገኛውን ክፍል በሚያመለክቱበት መንገድ ነው። በአማርኛ ምልክቱ ከግሡ ጋር ይጣበቃል፤ «ይመጣል» የነበረው «ሲመጣ»፣ «ቢመጣ»፣ «ስለመጣ» ይሆናል። የግሡ መልክ ራሱ ነገሩ ገና እንዳላለቀ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ መልኩን ሳይለውጥ ሊቀር ይችላል። «ሂ ካምዝ» ሲል «ይመጣል»፣ «ዌን ሂ ካምዝ» ሲል «ሲመጣ» ማለት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣችው ከፊት የቆመችው ትንሽ ቃል ብቻ ናት። ተማሪው ያችን ቃል ካላስተዋለ ያላለቀውን አልቋል ብሎ ይቀበላል። «ቢኮዝ ሂ ወዝ ሲክ» ብሎ ጽፎ ነጥብ የሚያደርገው ተማሪ «ስለታመመ» ብሎ አራት ነጥብ እንዳደረገ ይቈጠራል። ስለታመመ ምን ሆነ? ዋናው ክፍል ገና አልተነገረም።

የቃላት አሰላለፍም እንዲሁ ያሳስታል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን ከመጨረሻ ያኖራል፤ ገላጩንም ክፍል ከስሙ በፊት ያስቀድማል። «ወተቱን የሸጠችው ልጅ ወደ ቤቷ ሄደች» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል፤ «ዘ ገርል ሁ ሶልድ ዘ ሚልክ ዌንት ሆም» ይላል። «ዌንት» ለሚለው ግሥ በቅርብ የሚገኘው ስም «ሚልክ» ነው። ባለቤቱን በቅርበት ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ወተቱ ወደ ቤት ሄደ ብሎ ሊተረጕም ነው! «ሁ ሶልድ ዘ ሚልክ» የሚለውን ጥገኛ ክፍል በቅንፍ ቢያስቀምጠው ግን ዋናው ክፍል «ዘ ገርል ዌንት ሆም» መሆኑ ወዲያው ይታየዋል።

ይህ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸውን የመጀመሪያ የእንቅስቃሴ ሕግ አንድ ክፍል ተማሪው እንዲህ ተብሎ ያገኘዋል፦ «ኤ ቦዲ ስቴይዝ አት ሬስት አንለስ ኤ ፎርስ አክትስ ኦን ኢት»። ትርጕሙ «አንድ የቆመ አካል ኀይል ካላረፈበት በቀር እንደ ቆመ ይኖራል» ማለት ነው። «አንለስ» የምታስከትለውን ጥገኛ ክፍል የዘለለ ተማሪ የቆመ ነገር ሁሉ ለዘላለም ይቆማል የሚል ሐሰት ይዞ ይሄዳል። ፊዚክሱ አልከበደውም፤ ያሰናከለው የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው።

ቋንቋ በመስማትና በማንበብ እንጂ በሰዋስው ስሞች አይለመድም የሚሉ አሉ። ቋንቋውን ከእናቱ አፍ ለሚሰማ ሕፃን አባባላቸው እውነት ነው። እንግሊዝኛን ከክፍል ውጭ እምብዛም ለማይሰማ ተማሪ ግን መንገዱን የሚያሳጥርለት ዕውቀት ያስፈልገዋል። ሌሎች ደግሞ በእንግሊዝኛ ትምህርት ጊዜ ሌላ ቋንቋ አይነሣ ይላሉ። ይህም አያስማማኝም። አማርኛ ብቻ ሳይሆን ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሲዳምኛም ግሡን ከመጨረሻ የሚያኖሩ ቋንቋዎች ናቸው። ተማሪው የራሱን ቋንቋ ልማድ ሳያስተውል ወደ እንግሊዝኛ ከሚያሻግረው፣ ልዩነቱ በግልጥ ቢነገረው ይሻላል።

እንግዲህ ተማሪው ከሳይንስ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ይውሰድ። ከእያንዳንዱ ግሥ በታች ያስምር፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ከፊቱ የጥገኝነት ምልክት ቆሞ እንደ ሆነ ይመልከት። ዋናው ክፍል አንድ ብቻ ሆኖ ጥገኛ ከሌለው ነጠላ፣ ጥገኛ ካለው ውስብስብ ነው። ዋናዎቹ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ጥገኛ ከሌላቸው ድርብ፣ ጥገኛ ካላቸው ድርብ ውስብስብ ይባላል። ስሙ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስሙን አስቀድሞ ያጠና ተማሪ ለፈተና አንድ ቃል ያገኛል፤ አሠራሩን የመረመረ ግን የሚያነበውን ሁሉ ይረዳል።