ድረ ገጽ ደጅ ነው፤ ደጃችንን ለማን ሰጠነው?

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ሰውን ከማሽን ጋር በማነጋገር ታሪክ ውስጥ ብዙዎች ከሚገምቱት የላቀ ስፍራ ያላት ከተማ ናት። በዲሴምበር 1977 ኪዩብ የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን አገልግሎት የከተማዋ ነዋሪ ከመቀመጫው ሳይነሣ ቁልፍ እየተጫነ ለሚያየው ዝግጅት ምላሽ እንዲሰጥ አስቻለ። በጁላይ 1980 «ኮሎምበስ ዲስፓች» እዚያው በተቋቋመው ኮምፒውሰርቭ አማካይነት ጽሑፎቹን ወደ አንባቢ ኮምፒውተር በመላክ በአሜሪካ የመጀመሪያው ዕለታዊ ጋዜጣ ሆነ። ይኸው ኮምፒውሰርቭ በ1987 ጂፍ የሚባለውን የምስል ፋይል ዓይነት ለዓለም አበረከተ።

ታሪኩን ያነሣሁት ለከተማዋ ውዳሴ አይደለም። ከክሊቭላንድ አቬኑ እስከ ሞርስ ሮድ፣ ከዚያም እስከ ዋይትሆል ድረስ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን፣ የእንጀራና የቅመም መደብሮችን ድረ ገጾች የሚጎበኝ ሰው ደጋግሞ የሚገጥመው ነገር ስላለ ነው። ተጣጥፎ የተጨማደደ የምግብ ዝርዝር በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ዋጋው ካለፈው ዓመት ነው፤ የሥራ ሰዓቱ ጉግል ላይ አንድ፣ ፌስቡክ ላይ ሌላ፣ በሩ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ትልቁ ቁልፍ ግን በትክክል ይሠራል። ሲጫኑት ወደ ዶርዳሽ ይወስዳል።

«የተጠቃሚ ተሞክሮ» የሚለው የባለሙያዎች ሐረግ ለጆሯችን ባዕድ ቢሆንም ነገሩ ባዕድ አይደለም። እንግዳ በሩን ሳይደናገር ማግኘቱ፣ «ግቡ» መባሉ፣ ቤት ያፈራውን መነገሩ፣ ሳይጠይቅ ውሃ መቅረቡ፣ በእኛ ቋንቋ መስተንግዶ ይባላል። ክሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ በመስተንግዶው የሚኮራ ነጋዴ እንግዳው ከሁሉ አስቀድሞ በሚረግጠው ደጅ ላይ መስተንግዶን ነፍጎታል፤ ደጁንም ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ

ከኪሳራው ልጀምር። ዶርዳሽ በ2021 ለአሜሪካ ምግብ ቤቶች ይፋ ያደረገው የኮሚሽን ደረጃ 15፣ 25 እና 30 በመቶ ነበር። ስሌቱን ማንም በጣቱ ሊሠራው ይችላል። የ40 ዶላር ትእዛዝ በ30 በመቶው ደረጃ ሲመጣ 12 ዶላር ከቤቱ ይወጣል። በሳምንት 20 እንዲህ ያሉ ትእዛዞች ካሉ 240 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ይህ ገንዘብ የጤፍ ዱቄት የሚገዛበት፣ የኪራይ ጭማሪ የሚሸፈንበት፣ ወጥ ሠሪዋ በዓመት አንድ ጊዜ ዕረፍት የምትወጣበት ነው።

ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ዝምድናው ነው። በመተግበሪያ በኩል የመጣ ደንበኛ የመተግበሪያው ደንበኛ ነው። ስሙን፣ ስልኩን፣ ምን እንደሚወድድና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው መተግበሪያው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ነገ ኮሚሽኑ ቢጨምር ወይም ጎረቤቱ ምግብ ቤት ከፍሎ ከላይ ቢቀመጥ ባለቤቱ ደንበኛውን ጠርቶ «እኛ እኮ አለን» የሚልበት መንገድ የለውም። ዱሮ ባለጉዳይ በባለሥልጣን ደጅ ይጠና ነበር፤ ዛሬ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ደጅ ጠኚ ሆኗል።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና የኢሊኖይ ዐቃቤ ሕግ በግረብሀብ ላይ ያቀረቡት ክስ በዲሴምበር 2024 በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ድርጅቱ ምግብ ቤቶችን ያለ ፈቃዳቸው በመድረኩ ላይ መዘርዘሩ ነበር። የራሱ ግልጽ ደጅ የሌለው ቤት ሌላው በስሙ ደጅ ሲቀልስለት ደንበኛው እውነተኛውን ከቅጂው የሚለይበት ምልክት አይኖረውም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

መተግበሪያዎቹ ምንም አይጠቅሙም አልልም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክትፎ የሚባል ነገር መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው በእነርሱ ሊሆን ይችላል። ለማስተዋወቂያ አንድ ጊዜ መክፈል ንግድ ነው። ያው ሰው ለሃያኛ ጊዜ ሲያዝዝ ለሃያኛ ጊዜ መክፈል ግን ግብር ነው፤ ግብሩም የሚከፈለው የራስን ደጅ ባለመጥረግ ነው።

ቢጫ በነጭ ላይ

«እኔኮ ድረ ገጽ አሠርቻለሁ፤ ብዙ ገንዘብም ከፍያለሁ» የሚል ባለቤት አለ። ለእርሱ የምመልሰው በአሠሪው ላይ ሳይሆን በሠሪው ላይ ነው። ለትንንሽ ንግዶቻችን ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የሚሸጡት ጌጥ ነው። ገጹ ሲከፈት የላሊበላ ፎቶ በዝግታ ይንሸራተታል፤ ከበስተጀርባ ክራር ይጀምራል፤ የአድራሻ ኢሜይል የሚለምን ሣጥን ዘልሎ ይሸፍነዋል። ስልክ ቁጥሩ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተቀብሯል። ጉግል በ2016 ባወጣው ጥናት በስልክ ከሚደረጉ ጉብኝቶች 53 በመቶው ገጹ ለመከፈት ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ይቋረጣል። ላሊበላ ተንሸራትቶ ሳይጨርስ ደንበኛው ፒዛ አዝዟል።

ከጌጦቹ ሁሉ የከፋው የሰንደቅ ዓላማው ቀለም ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በጨርቅ ላይ ያማሩ ናቸው፤ በቢጫ ቀለም ነጭ ገጽ ላይ የተጻፈ ዋጋ ግን አይነበብም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው የንጽጽር መጠን 4.5 ለ1 ነው፤ ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.1 ለ1 እንኳ አይሞላም። ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዌብኤይም የተባለው ተቋም በ2024 አንድ ሚሊዮን መነሻ ገጾችን ሲመረምር በ81 በመቶዎቹ ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ አግኝቷል። የሌላው ጥፋት ግን ለእናቶቻችን መነጽር አይሆንም።

ነገሩ የሕግ ጠርዝም አለው። የዶሚኖስ ድረ ገጽና መተግበሪያ ለማያይ ሰው አያገለግልም ብሎ አንድ ዓይነ ስውር ደንበኛ በካሊፎርኒያ በመሠረተው ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2019 የአካል ጉዳተኞች ሕግ ድረ ገጹንና መተግበሪያውንም ይመለከታል ብሎ ወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር ጉዳዩን አልይም አለ። ውሳኔው የኦሃዮን ፍርድ ቤቶች አያስገድድም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ዓይነ ስውርን ከደጅ የሚመልስ ቤትም በእኛ ባህል ነውረኛ ቤት ነው።

ፊደል ሥዕል አይደለም

የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም በቋሚነት ቦታ ያገኘው በ1999 የዩኒኮድ 3.0 እትም ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት አማርኛን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መላክ ዕድል የሚጠይቅ ነገር ነበር፤ ተመሳሳይ ፎንት የሌለው ሰው የሚያየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነበርና። በዚያ ዘመን አማርኛን በምስል መለጠፍ ብልሃት ነበር። ዛሬ ስንፍና ነው። ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ አማርኛን ያነባል።

በምስል የታሰረ ፊደል ምን ያጣል? ጉግል እንደ ጽሑፍ አይቆጥረውም፤ «ኮሎምበስ ውስጥ የጾም በያይነቱ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ለማያዩ ሰዎች ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ባለቤቱም አንድ ዋጋ ለመለወጥ ሠሪውን መለመን ይኖርበታል፤ ስለዚህ አይለውጠውም። ያችው ጂፍን የወለደች ከተማ ውስጥ ሆነን ፊደላችንን በምስል ቀብረነዋል።

ስለ እንግሊዝኛውም አንድ ቃል። አንድ ምግብ በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ከተጻፈ ፈላጊው ሦስት ምግብ ይመስለዋል። አንዱን መርጦ መጽናት፣ ከሥሩም ምግቡ ምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል።

እንግዳው የሚጠይቃቸው

ወደ አንድ ትንሽ ንግድ ድረ ገጽ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ክፍት ነው? የት ነው? ምን አለ? ስንት ነው? እንዴት ልዘዝ? እነዚህን በአንድ እይታ የማይመልስ ገጽ፣ ምንም ቢያምር፣ ደጁን የዘጋ ነው። ለሐበሻ ቤት ደግሞ የውጭ አማካሪ የማያውቃቸው፣ እኛ ግን ልንዘነጋቸው የማይገባ ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው ሰዓት ነው። በአማርኛ «እስከ 3 ሰዓት ክፍት ነን» የሚል ማስታወቂያ ከአዲስ አበባ ለመጣው አባት ምሽት ነው፤ የእጅ ሰዓቱ 9 ሲል ማለት ነው። እዚህ ላደገችው ልጁ ግን ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይናደዳል። በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ግማሽ መስመር ብቻ ይፈጃል። ጃንዋሪ 7 ለገና የሚዘጋ ቤት ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ ሥራ ያልቀረለት ደንበኛ በኦሃዮ ብርድ ነድቶ መጥቶ የተቆለፈ በር ይገፋል፤ ሁለተኛ አይመጣም።

ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ የጾም ምግብ ፈላጊው ብዙ ነው። ከእርሱ ጋር ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቀው የኮሎምበስ ወጣት ዓመቱን ሙሉ አለ። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ዝርዝር ነው፤ በዘይት የተሠራው የቱ ነው? ቅቤ የገባበትስ? ይህን በግልጽ የለየ ገጽ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይመታል።

ሦስተኛው ጤፍ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በአሜሪካ የሚጋገር እንጀራ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። ጤፍ ግሉተን የለውም ብሎ ያነበበ የሴሊያክ ሕመምተኛ የተደባለቀውን ቢበላ ይታመማል። «እንጀራችን ጤፍ ብቻ ነው» ወይም «ስንዴ አለበት» የሚለው መስመር ከላሊበላ ፎቶ ይልቅ የከበረ ነው።

አራተኛው ስም ነው። የትእዛዝ ቅጹ «የመጨረሻ ስም» ሲል የእኛ ሰው ግራ ይጋባል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። አንድ «ስምዎ» የሚል ሣጥን በቂ ሲሆን የባዕዱን ቅጽ በገዛ ቤታችን መገልበጣችን ምን ይባላል?

«ደንበኞቼ ይደውላሉ»

ጠንካራው መቃወሚያ ይህ ነው፦ «የኔ ደንበኛ ሐበሻ ነው፤ ይደውላል፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይመጣል። ድረ ገጽ ምን ያደርግልኛል?» መቃወሚያው ግማሽ እውነት አለው። ይሁንና በምሳ ሰዓት ስልክ የሚያነሣው ማን ነው? ራሷ ወጥ ሠሪዋ ናት፤ በአንድ እጇ ማማሰያ፣ በሌላው ስልክ። ከሚደወሉት ስንቶቹ «ክፍት ናችሁ?» የሚሉ ብቻ እንደሆኑ ባለቤቱ ለአንድ ሳምንት ይቁጠር። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጥሪ ድረ ገጹ ሊመልሰው ሲገባው ያልመለሰው ጥያቄ ነው። ደግሞም ሐበሻው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የሚወጣው፣ ከክሊቭላንድ ለሠርግ የመጣው፣ አማርኛ የሚሰማ ግን የማያነበው ልጃችን፣ ከመደወሉ በፊት ስልኩን ያያል።

«ጊዜም ገንዘብም የለኝም» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የምጠይቀው መጨመርን ሳይሆን መቀነስን ነው። ተንሸራታቹ ፎቶ ይውጣ፤ ክራሩ ጸጥ ይበል። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ሆኖ ከላይ ይቀመጥ። ዝርዝሩ በጽሑፍ ይሁን። በመተግበሪያ በተላከ ከረጢት ውስጥም «በቀጥታ ከእኛ ቢያዝዙ ይረክስልዎታል» የምትል ቁራጭ ወረቀት ትግባ።

አምስት ሰዎች

የተጠቃሚ ጥናት ሊቁ ያኮብ ኒልሰን በ2000 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፉ 5 ሰዎችን ብቻ ሞክሮ አብዛኛውን የድረ ገጽ ችግር ማግኘት እንደሚቻል ተከራክሯል። ለእኛ ነጋዴ ከዚህ የሚረክስ ምርምር የለም። አንዲት እናት፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ የሌሊት ሠራተኛ፣ አንድ አበሻ ያልሆነ ጎረቤትና ዓይኑ የደከመ አንድ አባት ይጠሩ። ቡና ይፈላ። ስልኩን ሰጥቶ «ለዓርብ የጾም ምግብ ለአራት ሰው እዘዙ» ማለት፣ ከዚያ ዝም ብሎ ማየት። ማስረዳት የለም፤ «እዚያ ጋ ንኩት» ማለት የለም። የሚከብደው ዝምታው ነው፤ ጣታቸው የሚንከራተትበት ቦታ ሁሉ ግን ገንዘብ የሚፈስበት ቀዳዳ ነው።

ይህ በአንድ ቤት ብቻ የሚያልቅ ሥራም አይደለም። ከተማዋ ውስጥ አዲስ ገቢዎችን የሚረዳው ኢትዮጵያን ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስን የመሰለ ተቋም አለን፤ በካርል ሮድ ያለውን ቅርንጫፍ ጨምሮ የኮሎምበስ ሜትሮፖሊታን ላይብረሪ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፤ ሶፍትዌር የሚጽፉ ልጆችም አሉን። የቀረን እነዚህን በአንድ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ድረ ገጽ ሠሪዎቻችንም ከእንግዲህ በጌጡ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ይመዘኑ፦ ባለቤቱ ያለ እናንተ ዋጋ መለወጥ ይችላል? የማይችል ከሆነ ደጁን ከአንድ ጌታ ነጥቃችሁ ለሌላ ሰጥታችኋል።

ለባለቤቶቹም የምለው ይህንኑ ነው። እንግዳ ከበራችሁ ሳይስተናገድ እንዲመለስ የማትፈቅዱ ሰዎች ናችሁ። በየቀኑ ግን የማታዩት እንግዳ፣ ሳይሰናበት፣ ከደጃችሁ ይመለሳል። ዛሬ ማታ የራሳችሁን ድረ ገጽ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱና የራሳችሁን ምግብ ለማዘዝ ሞክሩ።