ማሳሰቢያ፦ በተፈናቃይ ተማሪ ተስፋ ላይ ስለሚነግዱ ደላሎች

ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው ከወለጋ ተፈናቅላችሁ በጃሪና በቱርክ ካምፕ ለቆያችሁና ላላችሁ ቤተሰቦች፣ አብሯችሁ ለሚኖረው የሐይቅ፣ የተሁለደሬና የአምባሰል ሕዝብ፣ እንዲሁም ዘንድሮ ልጅ ላስፈተነ ወላጅ ሁሉ ነው።

መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ለመመደብ ለማንም ሰው አንድ ብር አይከፈልም። ምደባውን የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን መነሻው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። ተማሪው የሚጋራው የትምህርት፣ የምግብና የመኝታ ወጪ በወጪ መጋራት ውል ይያዝና ተማሪው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ይከፍለዋል። በጦርነት ወይም በመፈናቀል ምክንያት የተለየ ውሳኔ ሲሰጥም ሚኒስቴሩ ለሁሉም በይፋ ያስታውቃል እንጂ ደላላ በጆሮ እንዲያንሾካሹክ አይልክም። «ለተፈናቃይ የተያዘ ኮታ አለ፣ ዝርዝሩ እኔ እጅ ነው፣ ዛሬ ካልከፈላችሁ ይዘጋል» የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው። ዘመድም ቢሆን፣ የአገር ልጅም ቢሆን።

ሌባው ለምን እንደሚታመን ግልጽ ነው፤ በሩ ጠባብ ነው። ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። እዚህ ላይ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በወለጋ ቶሌ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፈውን፣ ደብተሩ ከነቤቱ የተቃጠለበትን፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ክፍል ያልገባውን ልጅ ጨምሩበት። ይህ ልጅ «አለፍክ» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ሰምቶ ቢያምን አይፈረድበትም።

የሐይቅ ሰውም ይህን ሕመም ያውቀዋል። ሌላው አገር የ2013ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲፈተን እዚህ ጦርነት ነበር፤ የእኛ ልጆች የተፈተኑት በኋላ በሁለተኛ ዙር ነው። ደሴ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ከመለቀቋ በፊት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ተዘርፈዋል። ስለዚህ ስለ ተፈናቃይ ተማሪ ስንናገር ስለ ሩቅ ሰው እየተናገርን አይደለም።

አሁን የማጭበርበሪያውን መንገድ በቅርብ እንየው። መልእክቱ በቴሌግራም ይመጣል። ከላይ የተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ዓርማ አለበት፤ ከሥሩ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ለተፈናቃዮች በተዘጋጀው ነፃ የትምህርት ዕድል ተመርጠሃል» ይላል። ልጁ ግን የትም አላመለከተም። ቀጥሎ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ፎቶና የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩን እንዲልክ ይጠየቃል። ከዚያ «የማስኬጃ» የሚባል ክፍያ በቴሌብር ይታዘዛል፤ ተቀባዩ ድርጅት ሳይሆን የግለሰብ ስም ነው። እናት የእርዳታ ስንዴዋን ሸጣ ትከፍላለች። በነጋታው «የትርጉም» ይመጣል፣ በሳልስቱ «የሕክምና ምርመራ»፣ ከዚያ «የቪዛ»። በመጨረሻም «ስልክህ ላይ የመጣውን ቁጥር ላክልኝ» ይባላል። ያ ቁጥር የልጁ የቴሌብር ወይም የፋይዳ ቁልፍ ነው። አንዴ ከተላከ በስሙ ገንዘብ ሊወጣ፣ ብድር ሊወሰድ ይችላል። ቁጥሩን ለማንም አትስጡ።

በብዛት መነገጃ የሚሆነው ስም ዩኤንኤችሲአር፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የሚካሄድ ዳፊ የተባለ እውነተኛ ስኮላርሺፕ አለው። በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ስሙ እሱ ራሱ ስደተኛ ለነበረው ለአልበርት አንስታይን መታሰቢያ ነው። በዚህ ዕድል ኢትዮጵያ ውስጥ የሚማሩ አሉ፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ድንበር አቋርጠው መጥተው በስደተኛነት ለተመዘገቡ ነው። ለምሳሌ ዳባት ዓለምዋጭ መጠለያ ያለ ኤርትራዊ ወጣት ሊያመለክት ይችላል። ከወለጋ ወጥቶ ጃሪ የተጠለለ ኢትዮጵያዊ ግን በአገሩ ውስጥ ስለሆነ ዳፊ አይመለከተውም። ስለዚህ ጃሪ ድረስ መጥቶ «ዳፊ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ከመነሻው የሌለ ነገር እየሸጠ ነው። ለስደተኛውም ቢሆን የኮሚሽኑ አገልግሎት ሁሉ በነፃ ነው፤ የሚመዘግቡትም ኮሚሽኑና የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት እንጂ ደላላ አይደለም። የስደተኞች ዕድልም ሰፊ አይደለም፤ በዓለም ላይ ዩኒቨርሲቲ የደረሱት በ2023 እ.ኤ.አ. 7 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2030 እ.ኤ.አ. 15 በመቶ ለማድረስ ታቅዷል።

እዚህ ላይ የምለው አለ። ኢትዮጵያ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የወጣውን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ለስደተኞችም አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አላት። የወለጋ ልጅ ግን ጥያቄውን የሚያቀርብበትን መስኮት በግልጽ የሚያሳየው ሲያጣ ደላላው መስኮት ሆኖ ይቀርባል። የአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎችና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በየመጠለያው በር ላይ አንድ ወረቀት ቢለጥፉ፣ ምን ድጋፍ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሌለም ቢጽፉበት ብዙ እናቶችን ከኪሳራ ያድናሉ። የሌለውን መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ዝም ማለት ነው ጉዳቱ።

ሁለተኛው ወጥመድ የግል ኮሌጅ ነው። ጥሩ ኮሌጆች አሉ። ነገር ግን «የመግቢያ ነጥብ አያስፈልግም፣ ብቻ ተመዝገብ» የሚል ኮሌጅ ልጁን ዓመታት ካስከፈለ በኋላ ዕውቅና የሌለው ወረቀት ያስይዘዋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁም የትምህርት መስኩም ካምፓሱም ፈቃድ እንዳላቸው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ፤ ለአንድ ከተማ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላ ከተማ ቅርንጫፍ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ያላለፈ፣ የግል ተማሪም ቢሆን፣ ዲግሪ አይሰጠውም።

ከሁሉ የከፋው «የውጭ አገር ትምህርት» ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥሩ የኮምፒውተር ሥራ ተብለው ወጥተው ማይናማር ድንበር ላይ በማጭበርበሪያ ግቢዎች ታግተው የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነፃ ወጥተዋል። ሩሲያ አላቡጋ ውስጥም ሥራና ትምህርት ተብለው የተወሰዱ አፍሪካውያን ወጣት ሴቶች ድሮን እንዲገጣጥሙ መደረጋቸውን አሶሺየትድ ፕሬስ በ2024 እ.ኤ.አ. ዘግቧል። በጅቡቲ ባሕር ወደ የመን የሚሻገረውን መንገድ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያልቀበረ ቀበሌ የለም። አሁን ግን ያው መንገድ የስኮላርሺፕ ልብስ ለብሶ ሊመጣ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ፓስፖርትህን ሳያይ ደላላው ፓስፖርትህን ከያዘ፣ ወይም ጉዞው በእግርና በሌሊት ከሆነ፣ ነገሩ ትምህርት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው መነገድና ማሻገር ከባድ ወንጀል ነው።

ወረቀት የጠፋባችሁ ተማሪዎች፦ የተቃጠለ ማስረጃ መልሶ ይገኛል፤ የተሠራ ማስረጃ ግን ያሳስራል። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ በምዝገባ ቁጥራችሁ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ተመዝግቧል። ቁጥሩን ካላስታወሳችሁ አብሯችሁ የተፈተነ ጓደኛ ፈልጉ፣ የፈተና ካርዱን ፎቶ ያነሳ ካለ ጠይቁ፤ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤትና የተፈተናችሁበትን ዓመት ጽፋችሁ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል አመልክቱ። ፋይዳ ለመመዝገብም ክፍያ የለም። «በአንድ ሳምንት የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት አሠራልሃለሁ» ከሚለው ሰው ጋር የሄደ ልጅ፣ እውነተኛ ውጤቱ እንኳ ቢገኝ፣ ሐሰተኛው ወረቀት ይከተለዋል።

ለእኛ ለነዋሪዎቹ ደግሞ ይህን እላለሁ። ደላላው ብቻውን አይሠራም። የቴሌብር ቁጥሩን «ለአንድ ቀን ብቻ» የሚያውሰው የሱቅ ልጅ፣ ዓርማ ቆርጦ ለጥፎ የሚያትመው የኮምፒውተር ቤት፣ የድጋፍ ደብዳቤ በገንዘብ የሚጽፍ እጅ፣ ሁሉም ተካፋይ ናቸው። ይህ አገር ከሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት ጀምሮ ከሩቅ የመጣ ተማሪ ሲቀበል የኖረ አገር ነው። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም በየደጁ ቁራሽ አግኝቶ ተምሯል። ዛሬ ከወለጋ የመጣውን ልጅ የሚያስዘርፍ እጅ ከዚህ ቀዬ ሊወጣ አይገባም። መልእክት ይዞ ለሚመጣ ልጅ አብራችሁ አንብቡለት፤ ከመክፈሉ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውሰዱት።

ከፍላችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ ልጁንም አትቆጡት። መልእክቱን አታጥፉ፤ የከፈላችሁበትን ማረጋገጫና የተቀባዩን ስም አስቀምጡ። በዚያው ቀን ለቴሌብር በ127፣ ለንግድ ባንክ በ951 ደውላችሁ አሳውቁ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ደላላው «ትንሽ ብትጨምሩ የመጀመሪያውን እመልሳለሁ» ብሎ ይደውላል፤ ሁለተኛውን ክፍያ አትክፈሉ።