ምሕረትና በቀል

ብዙ ሰው ምሕረትን ከምጽዋት ጋራ አንድ ያደርጋታል። በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ለተቀመጠው ድኻ ሳንቲም ሰጥቶ ያለፈ ሰው፥ ምሕረትን የፈጸመ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ምጽዋት መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከኪስ የምትወጣ ሳንቲም ልብን ብዙ አታስጨንቅም። ምሕረት የምትከብደው በዳዩ በተበዳዩ እጅ በወደቀ ጊዜ ነው።

ይህም በዚያው በአራዳ በእውነት ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ በጥይት ገደሏቸው፤ ሐውልታቸው ከጊዮርጊስ ሳይርቅ ቆሟል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ስለ ተጣለ፥ የከተማውን ሰው ሦስት ቀን ሙሉ በጥይት፥ በአካፋና በዶማ ፈጁት። ቤቱን ከነሰዉ አቃጠሉት፤ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ለኰሱበት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማይቱ ተመለሱ። በዚያ ቀን ብዙ ሺህ ኢጣልያኖች ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋራ በከተማው ውስጥ ነበሩ። በዙሪያቸውም ጠመንጃ የያዘ፥ አባቱና ወንድሙ የተገደሉበት ሕዝብ ነበረ። ንጉሡ ግን ማንም ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ሕዝቡም እጁን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ በአገሩ የቀሩ ኢጣልያኖች በፒያሳ ሱቅ ከፍተው፥ መኪና እየጠገኑ፥ ቤት እየሠሩ ኖሩ። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እንኳ ስሙ አልፈረሰም።

አንዳንድ ሰው ይህን የሟቾችን ደም እንደ መርሳት ይቈጥረዋል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሟል፥ የካቲት 12 ቀንም በየዓመቱ ይታሰባል። ሕዝቡ በደሉን አልረሳም፥ በቀሉን ግን ተወ። የረሳ ሰውማ ምን የሚምረው አለው?

ክርስቲያን ለዚህ ሌላም ምክንያት አለው። በወንጌል የተነገረው አገልጋይ እልፍ መክሊት ዕዳ ተተወለት፤ ከጌታው ፊት እንደ ወጣ ግን መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንገቱን ይዞ አነቀው። ይህ ሰው የተማረው ምሕረት ከደጁ አልፎ አልሄደም።

በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ትናንት ባልንጀራውን በጥፊ የመታ ልጅ፥ ዛሬ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ወድቆ ደብተሩ በጭቃ ይበተናል። የተመታው ልጅ ሊስቅበት ይችላል፤ ሌሎቹም አብረውት ይስቃሉ። ጎንበስ ብሎ ደብተሩን ቢለቅምለት ግን፥ በሚለቅምበት ጊዜ እንኳ የትናንቱ ጥፊ ጉንጩን ያቃጥለዋል።