የመለዋወጫ ዕቃ እውነተኛ ዋጋ

በንግድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ያሳለፈ ሰው ከሒሳብ መዝገብ የሚማረው ነገር አለ። በአንዱ ገጽ ላይ በርካሽ እንደ ተገዛ የተጻፈው ዕቃ ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላው ገጽ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውም ለክቡራን ነጋዴዎቻችን ይጠቅማል በሚል እምነት ነው።

አሠሪዬ የወፍጮ መለዋወጫ ዕቃ ከውጭ አገር አስመጥተው ይሸጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አቅራቢ ከተለመደው ዋጋ እጅግ ያነሰ ኩሽኔታ አቀረበላቸው። ዕቃው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፣ ማሸጊያውም ያማረ ስለ ነበረ ማንም አልተጠራጠረም። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ የወፍጮ ባለቤቶች የተበላውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልለው ከመደብራችን ደጃፍ ቆሙ። ከእነርሱም አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ እኔስ የከሰርሁት ገንዘቤን ነው፤ እህል ተሸክመው መጥተው ሳያስፈጩ የተመለሱትን እናቶች ግን ምን ልበላቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታዲያ ሁለት ኩሽኔታዎች ለዐይን አንድ ሆነው ሳሉ አንዱ ዓመታት ሲያገለግል ሌላው በወራት የሚበላው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ በብረቱ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ብረት ወጥ ቢመስልም በማይክሮስኮፕ ሲመረመር እርስ በርሳቸው ከተያያዙ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ለኩሽኔታ በብዛት የሚመረጠው አረብ ብረት ከመቶው አንድ እጅ ያህል ካርቦን፣ አንድ ተኩል እጅ ያህል ክሮሚየም አለበት። ይህ ብረት እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ በዘይት ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ተለውጦ እጅግ ይጠነክራል፤ ከዚያም እንዳይሰበር በመጠነኛ ሙቀት ይታሻል። በዚህ ሥርዐት የተዘጋጀ ኩሽኔታ ሮክዌል ሲ በተባለው የጥንካሬ መለኪያ 60 ገደማ ይደርሳል። እሳቱ በልኩ ካልደረሰው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሲቀልጥ ጉድፍ የቀረበት እንደ ሆነም ስንጥቁ ከዚያው ጉድፍ፣ ከገጹ በታች ይነሣና ላዩ እየተላጠ ይሄዳል። ማብረቅረቁ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አይነግረንም።

የብረት ገጽም ቢሆን እንደሚመስለን ልሙጥ አይደለም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባውደንና ቴቦር በ1950 በፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ሁለት ብረቶች ሲገናኙ በእውነት የሚነካኩት በጥቃቅን ጉብታዎች ጫፍ ብቻ ነው፤ ሸክሙንም ሁሉ የሚችሉት እነዚያ ጫፎች ናቸው። ግራሶና ዘይት የሚያስፈልጉትም እነዚህን ጉብታዎች ለማለያየት ነው። አቧራ የገባበት ግራሶ ግን ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ይህ ጉዳይ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም እንደ ሆነ ሌሎች አገሮች አስቀድመው ተረድተዋል። በ1966 በፈረንጆች አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በፒተር ጆስት የተመራው ኮሚቴ ባቀረበው ሪፖርት፣ ስለ መፋተግና ስለ መበላት ያለው ዕውቀት በሚገባ ቢሠራበት አገሪቱ በየዓመቱ 515 ሚሊዮን ፓውንድ ልታተርፍ እንደምትችል ገመተ። ትሪቦሎጂ የሚለው የዚህ ትምህርት ስምም፣ ማሻሸት ከሚለው የግሪክ ቃል ተወስዶ፣ በዚያው ሪፖርት ታወቀ። በ2017 ደግሞ ሆልምበርግና ኤርደሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ዓለም ከሚፈጀው ኃይል ከመቶው 23 እጅ የሚሆነው በዚህ መንገድ እንደሚሄድ ገመቱ፤ 20ው መፋተግን ለማሸነፍ፣ 3ቱ የተበላውን ዕቃ ለመተካት የሚውል ነው። እኛም የተበላውን ለመተካት የምንከፍለው በብዙ ድካም በተገኘ የውጭ ምንዛሪ መሆኑን ማሰብ ይገባናል።

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ «ደንበኛው የሚጠይቀው ርካሹን ነው፤ ውዱን ብናመጣ ማን ይገዛናል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ደንበኛው ርካሹን የሚመርጠው ልዩነቱን የሚነግረው ስላጣ ነው። የኩሽኔታው ዋጋ ስንት ወር እንዳገለገለ ተካፍሎ ቢታይ፣ ወፍጮው የቆመበትም ቀን ቢታሰብ፣ ርካሽ የተባለው ውድ ሆኖ ይገኛል። የእኛም መዝገብ ያሳየን ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አስመጪዎች ትእዛዝ ሲሰጡ የብረቱን ዐይነትና የጥንካሬውን መጠን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ይህን ለመግለጽ እንቢ የሚል አቅራቢ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ የንግድ ምክር ቤታችን መለኪያው ካላቸው የምህንድስና ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ጋራ ተነጋግሮ፣ ከሚገባው ዕቃ ጥቂቱ በናሙና እየተመረመረ ውጤቱ ለአባሎች የሚገለጽበትን መንገድ ያዘጋጅ። ለምርመራው የሚወጣው ገንዘብ ዕቃ በሚመለስበት ጊዜ ከሚደርሰው ኪሳራ ጋራ ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይሆንም።

አሠሪዬ ያን ጊዜ የተመለሰውን ዕቃ ሁሉ በሌላ ለውጠው ሰጡ። የዚያ ዓመት ትርፋቸው ጎደለ፤ ሆኖም እኒያ አዛውንት ዛሬም ደንበኛችን ናቸው። ኩሽኔታ ሲበላ በሌላ ይተካል፤ የተበላ እምነት ግን መለዋወጫ የለውም።